ልጄ የሰጠኝ ከባድ ፍሪሲዮን

ዛሬ ከተለመደው የጤና ጨዋታችን ወጣ ብዬ ስለ መኪና ላወራችሁ ነው። ወጣ አልኩ እንጂ ብዙም አልራቅሁም፤ ነገሩ የጉልበት ጉዳይ አለበት፣ የእናትና የልጅ ጉዳይ አለበት፣ ትንሽም የኩራት ጉዳይ አለበት። መኪና የማትነዱም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ቤታችን አንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ አለች። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የገዛናት ናት። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሳለች፣ የሌሊት ተረኛ በሆንኩባቸው ዓመታት እኔን ከሥራ መልሳለች፣ አሁን ደግሞ የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጄን ታመላልሳለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን አክብሮ መያዝ ግድ ሆኖበታል።

ባለፈው ዓመት ፍሪሲዮኗ አለቀ። ምልክቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ዳገት ላይ ስትደርስ ደግሞ እንደ አስም ሕመምተኛ ድምፅ ብቻ ትሆናለች። የመጨረሻው ልጄ የመኪና ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ነፍሱ ነው። «እማዬ፣ አንቺ አትጨነቂ፣ ይሄን ለእኔ ተዪው» አለኝ። በጓደኛው በኩል ከዱባይ አንድ የፍሪሲዮን ዕቃ አስመጣ። የፋብሪካው ዓይነት አይደለም፤ ለእሽቅድድምና ለጉልበተኛ ሞተር የሚሠራ ጠንካራ ዓይነት ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ ነው የገዛው። «ከእንግዲህ በሕይወትሽ ሌላ ፍሪሲዮን አትቀይሪም» አለኝ። ጉንጩን ስሜ መረቅሁት።

በማግሥቱ ፔዳሉን ስረግጠው ምርቃቴ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በጤና ጣቢያ የሠራችሁ በእግር የሚረገጠውን የድሮውን ሳክሽን ማሽን ታስታውሱ እንደሆነ እንጃ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ግራ ጉልበቴ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ጀምሮታል። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እናቶችን «ሕመማችሁን አትደብቁ» ስል የኖርኩ ሰው የራሴን ደብቄአለሁ። እንግዲህ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከግቢ ሳልወጣ ሁለት ጊዜ ሞተር ጠፋብኝ። በሁለተኛው ቀን መኪናዋ ስትነሣ ወደ ፊት ዘለለችና የልጅ ልጄ የምሳ ዕቃ ከወንበሩ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ግን አልረሳውም።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣውን መንገድ ጠዋት ላይ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ተጣብቆ ቆሞ፣ አንድ ርምጃ ይሄድና ይቆማል። እኔም እንደ ለመድኩት የእጅ ፍሬን ሳልይዝ በፍሪሲዮንና በነዳጅ መኪናዋን ዳገቱ ላይ አንጠልጥዬ ያዝኳት። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪያችን በ1985 ዓ.ም. «ባላንስ» ብሎ ያስተማረን ነው፤ በዚህ ችሎታዬ ስኮራ ኖሬአለሁ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ መኪናዋ ወባ እንደ ያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ጀመር። ከኋላዬ ሚኒባሱ ክላክሱን ያዘው። ደንግጬ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሣ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናዋም ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረች።

በመኪናዬና በሚኒባሱ መካከል አንዲት ልጅ ያዘለች እናት እያቋረጠች ነበር። በመዳፏ የኋላ ኮፈኑን መታችው፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፍሬን ረገጥሁ። በስፖኪዮ ሳይ በእሷና በመኪናዬ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ቀርቷል። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እግዚአብሔር አተረፈን እትዬ» ብላ ልጇን አስተካክላ አዝላ ሄደች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ የልጅ ልጄ እራት ላይ ሳትመለከተኝ «እማማ፣ ነገ ከእማዬ ጋር በታክሲ ብሄድስ?» አለች። ዝም አልኩ። ይህን ገጽ የምታነቡ አያቶች ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ ለእኛ መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ገና የምንፈለግ መሆናችንን የምናውቅበት ነው።

ለልጄ ወዲያው አልነገርኩትም። ቅዳሜ መኪናዋን ሲያስነሣ ሽታው ነገረው። «እማዬ፣ አዲሱን ፍሪሲዮን አቃጠልሽው እንዴ?» አለኝ። እኔም ሦስት ቀን ያመቅሁትን ሁሉ አወጣሁት። «አንተ ያመጣኸው ዕቃ ሰው ሊገድል ነበር!» አልኩት። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ፊቱ ሲቀየር አየሁ። ስለ ጉልበቴ ግን አሁንም አልነገርኩትም።

ሁለታችንም አኩርፈን ወደ ጋራዥ ሄድን። ሜካኒኩ የቆየ ሰው ነው፤ ሁለታችንንም በትዕግሥት አዳመጠና ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ አሳየኝ። «ሲስተር፣ ይኸኛው እጄ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባዱ ብረት ነው። ይኸኛው በስፕሪንግ የሚጫን ክብ ብረት ነው። ዲስኩ በመካከላቸው ተጣብቆ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል። ፔዳሉን ሲረግጡ መዳፎቹ ይላቀቃሉ፣ ሲለቁ ይገጥማሉ። በመላቀቅና በመግጠም መካከል ያለችው ጊዜ መንሸራተት ናት። ሙቀቱም መበላቱም ያለው እዚያች ላይ ነው» አለኝ።

የፋብሪካው ዲስክ ዙሪያውን ለስላሳ ሽፋን አለው፤ ሲገጥም እያሸ፣ እያለሳለሰ ነው። ልጄ ያመጣው ግን በሽፋን ፈንታ የብረትና የሴራሚክ ቅይጥ ቁራጮች አሉት። ስፕሪንጉም ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ፔዳሉ የከበደኝ ለዚህ ነው። ቁራጮቹ ሲነኩ ወዲያው ይይዛሉ። ትልቅ ጉልበት ሳያንሸራትቱ ለማስተላለፍ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ የሚይዙባት ቦታ የጣት ስፋት ያህል ጠባብ ናት። ለረጅም ጊዜ እያንሸራተቱ መያዝ ደግሞ አይወዱም፤ ይግላሉ፣ መኪናዋንም ያንቀጠቅጣሉ።

ከዚያ የወጣውን አሮጌ ዲስክ ከጥግ አምጥቶ አሳየኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሲስተር፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ቀይረዋል?» አስቤ ቆጠርኩ። ብዙ ነው። «እግርዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ነው የሚነዱት?» አለኝ። አዎን አልኩ። «ዳገት ላይስ በባላንስ ነው የሚይዙት?» እሱንም አዎን አልኩ። ሌላ ምንም አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው። አሮጌው ፍሪሲዮን ልማዴን እየታገሠ፣ እየተበላ፣ ዝም ብሎ ሲሸከመኝ ኖሯል። አዲሱ ግን አይታገሥም፤ ጥፋቴን እዚያው ይነግረኛል። ልጄ ሳይጠይቀኝ ለእኔ የማይሆን ዕቃ ገዛ፤ ይህ ጥፋቱ ነው። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተሳሳተ ልማድ ይዤ ችሎታ መስሎኝ ኖርኩ፤ ይህ የኔ ነው።

ማታ ለልጄ ስለ ጉልበቴ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ጉልበቴን ሲያይ ቆየና «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። «አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም። ወዲያው ላውጣው አለ። እኔ እምቢ አልኩ። አዲስ መድኃኒት የጀመረ ሕመምተኛ በሦስተኛው ቀን አልተስማማኝም ሲል «በትክክል ወስደኸዋል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። እኔም በትክክል አልወሰድኩትም ነበር። «ስድስት ሳምንት ስጠኝ፤ ከዚያ እንወስናለን። እስከዚያ ልጅቷን አልጭንም» አልኩት።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሜዳማና ባዶ ቦታ ሄድን። ልጄ ከጎኔ ተቀመጠ። ያን ቀንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን አንድ በአንድ ላካፍላችሁ፤ የፋብሪካ ፍሪሲዮን ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

አንደኛ፣ አቀማመጥ። እኔ ከመሪው ርቄ መቀመጥ እወድ ነበር። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስትረግጡት ጉልበታችሁ ትንሽ እንደ ታጠፈ መቅረት አለበት። እግር ተዘርግቶ ከባድ ነገር ሲገፋ ጭነቱ ጉልበትና ወገብ ላይ ያርፋል። ወንበሩን ሁለት ጥርስ ወደ ፊት ሳመጣው ብቻ የፔዳሉ ክብደት የቀነሰ መሰለኝ። የምትረግጡትም በጣት ጫፍ ሳይሆን በውስጥ እግራችሁ የፊተኛው ወፍራም ክፍል ይሁን፤ ተረከዝ ወለሉን እየነካ ቢመራ ደግሞ ጥሩ ነው። ነጠላ ጫማና ወፍራም ሶል ለዚህ ፔዳል አይሆኑም፤ የሚይዝባትን ቦታ ከእግራችሁ ይሰውሩባችኋል።

ሁለተኛ፣ የሚይዝባትን ቦታ ማወቅ። ልጄ ነዳጅ ሳልነካ፣ ፔዳሉን ቀስ ብዬ እየለቀቅሁ መኪናዋ መንቀሳቀስ የምትጀምርባትን ቦታ እንዳገኝ አደረገኝ። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? የኔም ግራ እግር በዚያ ጠዋት እንደ ሕፃን መራመድ ተማረ። ከላይ እስከዚያች ቦታ ድረስ ፔዳሉ በፍጥነት ሊመጣ ይችላል፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ቆም ማለት ያስፈልጋል። መኪናዋ መሄድ ስትጀምር ሙሉ በሙሉ ትለቁታላችሁ። በግማሽ እየያዙ መንገድ መሄድ የለም።

ሦስተኛ፣ ነዳጅ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይጨምራል። አየሩ ስስ በመሆኑ እንደኛዋ ያለ አሮጌ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ፍሪሲዮኑ ድንገት ሲይዝ ደካማው ሞተር የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ነዳጅ ከለመዳችሁት ትንሽ ጨምሩ። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ብዙ ከሰጣችሁ መኪናዋ ትዘላለች፣ ዲስኩም ይግላል።

አራተኛ፣ ዳገት። ባላንስ ቀረ! ዳገት ላይ ስትቆሙ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ስትነሡ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጡ፣ ፔዳሉን የሚይዝባት ቦታ እስኪደርስ ልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል። ያን ጊዜ የእጅ ፍሬኑን አውርዱ። የእጅ ፍሬናችሁ ዳገት ላይ የማይዝ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አሠሩ። የኛን አጥብቀን ካሠራን በኋላ ነው እኔ ሽሮ ሜዳን እንደገና የደፈርኩት።

አምስተኛ፣ የመንገድ መጨናነቅ። ከፊት ያለው መኪና አንድ ርምጃ በሄደ ቁጥር መከተል ተውሁ። ሁለት ሦስት መኪና የሚያስገባ ቦታ እስኪከፈት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሄጄ እቆማለሁ። ስቆም ማርሹን ዜሮ አድርጌ እግሬን ሙሉ በሙሉ ከፔዳሉ አነሣለሁ። አንድ ጠዋት ቆጥሬ ነበር፤ በድሮው አነዳዴ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት 112 ጊዜ ረግጫለሁ። በአዲሱ 61 ጊዜ። ይህ ልዩነት ለዲስኩ ብቻ ሳይሆን ለጉልበቴም ነው። ክፍት ቦታ ሲያዩ ሚኒባሶች ይገቡባችኋል፤ ይግቡ።

ስድስተኛ፣ ሞተር ሲጠፋ። ሞተር መጥፋት አደጋ አይደለም፤ አደጋ የሚሆነው መደንገጥ ነው። ቀኝ እግር ፍሬን ላይ፣ የእጅ ፍሬን ወደ ላይ፣ ማርሽ ዜሮ፣ ከዚያ ቁልፍ። ከኋላ ክላክስ የሚያደርገውን ሰው አትስሙት። ሞተር ከጠፋ በኋላ ፍሬን ይሠራል፤ ነገር ግን ሞተሩ የሚያግዘው ፍሬን ከሆነ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ስለሚከብድ እያነሡ መርገጥ ሳይሆን ረግጦ መያዝ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የልብ ምት እንደ መቁጠር እስኪለምደኝ ድረስ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳይቀር ተለማምጃለሁ።

ሰባተኛ፣ ማላመድ። አዲስ ፍሪሲዮን ከጎረቤቱ ብረት ጋር ተላምዶ እስኪገጥም ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ አምራቾች ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ በከተማ ውስጥ በእርጋታ ይነዳ፣ ከባድ ጭነትና ድንገተኛ አነሣሥ አይኑር ይላሉ። ልክ እንደ ተሰፋ ቁስል ነው፤ ክሩ ሳይወጣ ከባድ ዕቃ አታነሡም። ልጄ ይህን አላወቀም ወይም ረስቶታል፤ እኔም በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ አቃጠልኩት። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ተጨማሪ ነዳጅ መስጠት ሳይሆን ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው።

ለስድስት ሳምንት አንድ ደብተር ያዝኩ፤ እንደ ሕመምተኛ ካርድ። በአንድ በኩል መኪናዋን ጻፍኩ፤ ስንት ጊዜ ጠፋች፣ ወደ ኋላ ተንከባለለች ወይስ አልተንከባለለችም። በሌላው በኩል ጉልበቴን ጻፍኩ፤ ማታ ደረጃ ስወጣ ያመኛል ወይ፣ ጠዋት ያብጣል ወይ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ የመኪናው ዓምድ ንጹሕ ሆነ። የሽሮ ሜዳን ዳገት አሥር ጊዜ ቆሜ አሥር ጊዜ ተነሣሁ፤ አንድ ስንዝር አልተንሸራተትኩም። የጉልበቴ ዓምድ ግን እንደዚያ አልሆነም። በአጭር መንገድ ደህና ነኝ፤ ፒያሳ ወርጄ በምመለስበት ቀን ግን በማግሥቱ ያብጣል። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ሰጠኝ። ያበጠ መገጣጠሚያን በየቀኑ በከባድ ነገር ማስጨነቅም ልክ እንዳልሆነ ነገረኝ። ይህንንማ እኔ ራሴ ለሌላው ስናገር ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ፍሪሲዮኑ ይውጣ፣ የፋብሪካው ዓይነት ይግባ። ለልጄ ይህን ስነግረው ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ደብተሩን ሰጠሁት። ሁለቱንም ዓምድ አነበበና «እንግዲህ አነዳድሽ ፈውሷል፣ ዕቃው ነው የማይሆነው» አለ። ዕቃውን ለሚሆነው ሰው ሸጠው፤ የጎደለውን እኔ ጨመርኩ። ገንዘቡ የባከነ አይመስለኝም። ለስላሳው ፍሪሲዮን ከገባ ወዲህም የምነዳው ከባዱ እንዳስተማረኝ ነው። ሜካኒኩ በቅርቡ አይቶት «ሲስተር፣ አሁን ገና የሚቆይልዎት ነው» ብሎኛል።

የጎልማሳ ልጆቻችን ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በወላጅ መኪና ላይ ከፋብሪካው የተለየ ነገር ከማስገባታችሁ በፊት፣ ይህ ዕቃ የገባለትን ሌላ መኪና ፈልጋችሁ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ፔዳሉን አስረግጧቸው። ፊታቸውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ጠይቁ፤ ፊት ያስመስላል። እኛ ወላጆች ደግሞ ስጦታን ላለማስቀየም ብለን ሕመምን አንደብቅ። እኔ ደብቄ ነው አንዲት እናት ከነልጇ ወደ ሞት አንድ ክንድ የቀረባት።

የልጅ ልጄስ? ሁለት ሰኞ በታክሲ ሄደች። ሦስተኛው ሲመጣ ልጄ ደብተሬን አሳያት፤ አሥሩን ምልክት በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ መኪናዋ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ዳገቱ ላይ ስንቆም ከኋላ «እማማ፣ የእጅ ፍሬን» አለች። ይዤዋለሁ አልኳት። አሁንም በየቀኑ ታስታውሰኛለች፤ እኔም በየቀኑ እመልስላታለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ለጉልበታችሁም ለልጆቻችሁም እያሰባችሁ ቸር ሰንብቱ።